አንዱ ኪት 30 ዶላር ሌላው 300፦ የድሮ የአሜሪካ ሞዴል መኪና ዋጋ ከየት ይመጣል?

የድሮ የአሜሪካ ሞዴል መኪና ኪት መሰብሰብ የጀመረ ሰው መጀመሪያ ግራ ሚያጋባው ዋጋው ነው። ሁለት ሳጥን ጎን ለጎን ታያላችሁ፣ ሁለቱም ላይ ኤኤምቲ የሚል የሰሪው ድርጅት ስም አለ፣ ሁለቱም የ60ዎቹ አይነት ስዕል አላቸው፣ ውስጣቸው ያለው ፕላስቲክም ያው ተመሳሳይ ነው፣ ግን አንዱ 30 ዶላር አካባቢ ሲሸጥ ሌላው በመቶዎች ይጠየቅበታል። ብዙ ሰው ያረጀው ነው ውዱ ብሎ ይደመድማል። አይደለም። ከ60 ዓመት በፊት የተሰራ ዲዛይን ሆኖ ዛሬ ሱቅ ገብታችሁ አዲስ ምትገዙት ኪት አለ፣ ከሱ በ10 ዓመት የሚያንስ ሆኖ ደሞ በፍለጋ ማይገኝ አለ። ልዩነቱን ሚወስነው ፕላስቲኩ የወጣበት የብረት ሞልድ ምን እንደደረሰበት ነው። ይሄ ከገባችሁ የዋጋውም፣ የማጭበርበሩም፣ የአሰራሩም ነገር አንድ በአንድ ይፈታል። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምፅፈው።)

መጀመሪያ ነገሩን ለማያውቅ ሰው፦ ኪት ማለት ያልተገጣጠመ ሞዴል ነው። ሳጥኑን ስትከፍቱ ቦዲው ብቻ አንድ ወጥ ሆኖ ይመጣል፣ ሌላው ሞተሩ፣ ሻንሲው፣ ክሩስኮቱ፣ ወንበሩ፣ ማርሚታው ሁሉ በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ላይ ተያይዞ ነው ያለው፣ ቆርጣችሁ አፅድታችሁ ቀብታችሁ ታጣብቃላችሁ። ፓራውልትና ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ ክሮም የተቀቡ ናቸው፣ መስታወቱ ለብቻው ነው፣ ጎማው ላስቲክ ነገር ነው፣ ከዛ በውሃ ተነክሮ ሚለጠፍ የፅሁፍና የምልክት ወረቀት አለ እሱ ዴካል ይባላል። መጠኑ በአብዛኛው 1 ለ 25 ነው፣ ማለት የ1965ቱ ፎርድ ሙስታንግ እውነተኛው ወደ 4.6 ሜትር ስለሆነ ሞዴሉ 18 ሴንቲሜትር ከምናምን ይሆናል፣ ያ ረጅሙ የ1959 ካዲላክ ደሞ 23 ሴንቲ ይጠጋል። ሞኖግራም የሚባለው ድርጅት 1 ለ 24 ይወድ ነበር፣ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከ25ቱ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ አይን ያለው ሰው ያውቀዋል።

አሁን ታሪኩ፣ ምክንያቱም ያለሱ የሞልዱ ነገር አይገባም። ይሄ ስራ የተወለደው ዲትሮይት ዙሪያ ነው፣ ከአሻንጉሊት ሱቅ በፊት ደሞ የመኪና መሸጫ ውስጥ ነው የነበረው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኤኤምቲ (1948፣ ሚሺጋን) እና ጆሃን (1947፣ ዲትሮይት) የመኪና ፋብሪካዎቹን ትእዛዝ እየተቀበሉ የተገጣጠመ ትንሽ መኪና መስራት ጀመሩ። ኤኤምቲ ራሱ ስሙ የመጣው ከአልሙኒየም ነው፣ የመጀመሪያ ስራው የአልሙኒየም ፎርድ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ወደ ፕላስቲክ ዞረ። እነዚ የተገጣጠሙት ፕሮሞ ይባላሉ፣ ፋብሪካው በእውነተኛው መኪና ላይ ሚቀባው ቀለም ነበር ሚቀቡት፣ ሻጩም መኪና ለማየት ለመጣ ሰው ልጅ ይሰጠዋል፣ ደንበኛውም ቀለም ይመርጥበታል። ስለዚህ ሞዴል ሰሪዎቹ የፋብሪካውን ንድፍ መኪናው ገበያ ሳይወጣ በፊት ያገኙ ነበር፣ ለዛ ነው የ50ዎቹና የ60ዎቹ አሜሪካ ሞዴሎች መልካቸው እንደዛ ልክ የሆነው። መኪናው ጋ ቆሞ በሜትር የለካ የለም፣ ልኩ ከምንጩ ነው የመጣው።

ከዛ በ1958 ኤኤምቲ እና አብሮት ይሰራ የነበረው ኤስኤምፒ ያንኑ የፕሮሞ ቦዲ ሳይገጣጠም በሳጥን አድርገው ከትርፍ እቃ ጋር መሸጥ ጀመሩ። ስሪ ኢን ዋን አሉት፣ አንዱን ኪት እንደፋብሪካው አድርገህ፣ ወይ አሳምረህ ቀይረህ፣ ወይ ለውድድር አድርገህ መስራት ትችላለህ። ዋጋው ያኔ ከ1 ዶላር ከምናምን እስከ 2 ዶላር ነበር፣ ጋዜጣ ሚያዞር ልጅ ከሳምንት ገቢው ሚገዛው ነገር ማለት ነው። በጣም ሄደ። ሬቬል የሚባለው ሌላ ሞዴል ሰሪ ካሊፎርኒያ ሆኖ ኤድ ሮዝን የመሰሉ የእብደት መኪና ሰሪዎችን ፈጠራ ወደ ኪት ቀየረ፣ ሞኖግራም ቺካጎ አጠገብ ነበር፣ በ1963 ደሞ ከኤኤምቲ የወጡ ሰዎች ኤምፒሲን ሚሺጋን ውስጥ ከፈቱ፣ የመጀመሪያ ኪታቸው የ1964 ኮርቬት ነው።

እሺ ሞልዱ ጋ መጣን። ሞልድ ማለት የመኪናው ቅርፅ በተቃራኒው የተቀረፀበት ከባድ ብረት ነው፣ ቀልጦ የጋለ ፖሊስታይሪን በከፍተኛ ግፊት ይገባበታል፣ ሲቀዘቅዝ ይከፈትና እቃው ይወጣል። ለትንንሽ እቃዎች ሁለት ግማሽ ብረት ይበቃል። ቦዲ ግን አይበቃውም፣ ምክንያቱም ከላይም ከጎንም ከፊትም ከኋላም ዝርዝር አለው፣ ስለዚህ ከየአቅጣጫው ሚንሸራተቱ የብረት ክፍሎች ተገጣጥመው ነው ሚዘጉት። አዲስ ቦዲ ላይ በፓራፋንጎው አናትና በኋላ ምሰሶው በኩል ቀጭን መስመር ካያችሁ ብረቶቹ የተገናኙበት ቦታ ነው፣ ብልሽት አይደለም። ይሄ ሞልድ ግን በጣም ውድ ነው፣ ያኔም አሁንም፣ አንድ ኪት ለማውጣት ከሚወጣው ገንዘብ ትልቁ እሱ ነው።

እና ምን አደረጉ? አሜሪካኖቹ በዛ ዘመን መኪናቸውን በየዓመቱ መልክ ይቀይሩለት ነበር። የ1959 ኢምፓላ የኋላ መብራቱ እንደ ድመት አይን ተሾሎ ከዛ ሰፊ ክንፍ ስር ነው ያለው፣ የ1960ው ላይ ክንፉ ረገብ ብሎ በየጎኑ ሶስት ሶስት ክብ መብራት ሆነ፣ ፊቱም ተቀየረ። ሞዴሉም በየመስከረሙ አብሮ መቀየር አለበት፣ ሻጩ ያምናውን መኪና ፕሮሞ አይፈልግማ! ታዲያ አዲስ ሞልድ ከባዶ ከመስራት ያምናውን ብረት ፊቱን ቆርጠው፣ መብራቱን ሞልተው፣ ጎኑን ቀርፀው የዘንድሮ ያደርጉታል። እነዚህን ነው ሰብሳቢዎች አንዋል ሚሏቸው፣ የየዓመቱ ኪት። ብረቱ አንዴ ወደ ቀጣዩ ዓመት ከተቆረጠ ደሞ ያምናው መኪና አለቀ ማለት ነው፣ ፋብሪካው ራሱ ቢፈልግ ዳግመኛ ማውጣት አይችልም። የመኪናው ቅርፅ ጭራሽ ሲቀየርም ብዙዎቹ ሞልዶች ወደ ውድድር መኪና ተለወጡ፣ የጎማው ቀዳዳ ሰፍቶ፣ ጌጡ ተፍቆ፣ ኮፈኑ ተቀዶ። ስለዚህ ያ በ2 ዶላር ሲሸጥ የነበረ የአንድ ዓመት ኪት አሁን ያለው ያኔ ከተመረተው ውስጥ የተረፈው ብቻ ነው፣ ከተመረተው ደሞ አብዛኛውን ልጆች ሰርተው በሙጫ አጨማልቀውታል፣ ወይ ርችት ከትተው አፈንድተውታል። ሳይሰራ ሙሉ ሆኖ የቀረው ጥቂት ነው፣ 300ውም ከዛ ይመጣል።

ከዚህ ጋር ግን ሌላ መስመር ነበር። ኤኤምቲ ትሮፊ ብሎ ያወጣቸው የድሮ መኪኖች፣ የ1932 ፎርድ፣ የ1940 ፎርድ፣ የ1949 ሜርኩሪ፣ የ1957 ሼቭሮሌት፣ እነዚህ በየዓመቱ መቀየር አላስፈለጋቸውም፣ መኪናው ራሱ ያረጀ ነውና። ሞልዳቸው ኖረ፣ ኪታቸውም ለአስርት ዓመታት በተለያየ ሳጥን እየታተመ ወጣ። ለዛ ነው የ49 ሜርኩሪ አግኝታችሁ "ከ60ዎቹ ነው፣ ብርቅ ነው" ሲሏችሁ ቀስ ማለት ያለባችሁ። የመጀመሪያው ህትመት ሳጥን ሰብሳቢ ጋ ዋጋ አለው፣ አዎ፣ ግን ልትሰሩት ከሆነ ለምን ትከፍላላችሁ፣ በኋላ የወጣው ውስጡ ያው ብረት ያወጣው ነው።

እዚህ ጋ ስለ አንድ ኪት ካልተናገርኩ አይሆንልኝም፣ የጆሃን ክራይስለር ተርባይን። ክራይስለር በ60ዎቹ መጀመሪያ በፒስተን ሳይሆን እንደ አውሮፕላን በተርባይን ሚሄድ መኪና ሰራ፣ ቦዲውን ጣልያን ቱሪን ያለው ጊያ ነበር ሚሰራለት፣ በጠቅላላ 55 መኪና ተሰርቶ ከመካከሉ 50ው ከ200 በላይ ለሆኑ ተራ ቤተሰቦች በየተራ እየተሰጠ ተሞከረ። ሙከራው ሲያልቅ አብዛኛውን ሰብስበው ጨፈለቁት፣ አሁን በዓለም ላይ የቀሩት 9 ናቸው። ጆሃን ያንን መኪና ያኔውኑ በ1 ለ 25 ኪት አድርጎ አወጣው፣ ተርባይን ሞተሩን ሳይቀር በዝርዝር፣ እኔ በዛ ዘመን ከተሰሩት ሁሉ አንደኛ ብዬ ምመርጠው ነው። ፋብሪካው ራሱ ያጠፋው መኪና በአንድ ትንሽ የዲትሮይት ሞዴል ሰሪ እጅ መልኩ ተርፎ ቀረ። አሻንጉሊት ነው ለሚሉ ሰዎች ሁሌም ይሄን ነው የማሳያቸው። ጆሃን ራሱ ከገበያ ወጥቷል።

ሳጥኑን ማንበብ። ብዙ ሰው ሚሳሳተው ሻንሲው ላይ ወይ ሳጥኑ ጎን ላይ ያለውን ዓመተ ምህረት አይቶ ኪቱ ያኔ የተሰራ ስለሚመስለው ነው። ያ ቁጥር ዲዛይኑ መብት የተመዘገበበት ነው፣ ሞልዱ ላይ ስለተቀረፀ ከ40 ዓመት በኋላ የወጣው ፕላስቲክም ላይ ይኖራል። የተሻለው ምልክት የድርጅቱ ስምና አድራሻ ነው። ኤኤምቲ ብቻ ብሎ ትሮይ ሚሺጋን ካለ የጥንቱ ነው። የማችቦክስ አሻንጉሊት መኪና ባለቤት የነበረው የእንግሊዙ ሌስኒ በ1978 ገዛው፣ ሌስኒ ሚል ሳጥን ካያችሁ ከዛ በኋላ ነው ማለት ነው። ከዛ በ80ዎቹ ወደ ኧርትል ሄደ፣ ኧርትል ዳየርስቪል አዮዋ ነው፣ የትራክተር ሞዴሎች የሚሰራው፣ ኤምፒሲንም ያው እሱ ጠቀለለው፣ ለዛ ነው በኋላ የኤምፒሲ ሞልድ በኤኤምቲ ሳጥን ውስጥ ምታገኙት። አሁን ሁለቱም ስሞች ያሉት ሳውዝ ቤንድ ኢንዲያና ባለው ራውንድ ቱ እጅ ነው፣ እሱ ደሞ የድሮውን የሳጥን ስዕል መልሶ ያትማል፣ ቆንጆ አድርጎ ነው ሚያትመው፣ ከሩቅ ፎቶ ብቻ አይታችሁ ብትገዙ ልትታለሉ ትችላላችሁ። ጎኑንና የታችኛውን ፊት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ በሉት፣ የራውንድ ቱ ስም የሆነ ቦታ ላይ ይኖራል።

የታሸገ ፕላስቲክ ደሞ ማስረጃ አይደለም። መጠቅለያ ማሽኑ ማንም ሊገዛው ሚችል ነው፣ የጎደለ ኪት ጠቅልሎ "ፋክተሪ ሲልድ" (ከፋብሪካ እንደታሸገ) ብሎ መሸጥ ቀላል ነው። እኔ ብጠየቅ የተከፈተ ኪት እመርጣለሁ፣ መመሪያ ወረቀቱን ዘርግታችሁ እያንዳንዱን ቁጥር ከዘንጉ ጋር ማመሳከር ትችላላችሁና። ሲከፈት ሚታዩት፦ መስታወቱ ተሰንጥቋል ወይ (ይሄ ከሁሉም ከባድ ነው፣ ምትክ ማግኘት ይከብዳል)፣ የፊት ምሰሶዎቹ ተሰብረዋል ወይ፣ ክሮሙ ተፍቋል ወይ፣ ዴካሉ ቢጫ ሆኗል ወይ። ቢጫው ያን ያህል አያስደንግጣችሁ፣ መስኮት ላይ ለፀሀይ ሲሰጡት ብዙ ጊዜ ይነጣል፣ ከዛ ከመንከራችሁ በፊት ለዴካል ተብሎ ሚሸጠውን ፈሳሽ ፊልም ቀቡት፣ ካልቀባችሁት ውሃ ውስጥ ሊበጣጠስ ይችላል።

ጎማው ግን! የድሮ ኪት ገዝታችሁ ቤት እንደገባችሁ መጀመሪያ ማድረግ ያለባችሁ ጎማዎቹን አውጥቶ ለብቻ ከረጢት ውስጥ ማስገባት ነው። የድሮ ጎማ እንዲለሰልስ የተጨመረበት ኬሚካል አለ፣ እሱ በጊዜ ብዛት ይወጣና የነካውን ፖሊስታይሪን ያቀልጠዋል፣ ቦዲው ኮፈን ላይ የጎማ ጥርስ ቅርፅ ተቃጥሎ ታገኛላችሁ። ለ50 ዓመት ሳይነካ ኖሮ ጎማ ያበላሸው ቦዲ ማየት ያሳዝናል፣ መከላከያው ደሞ አንድ ከረጢት ብቻ ነው።

ፕሮሞ ለሚገዙ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለ፣ የ50ዎቹ ፕሮሞዎች የተሰሩት ከአሴቴት ነው፣ ይሄ ፕላስቲክ ዓመት በጨመረ ቁጥር ይሸበሸባል ይጣመማል፣ ጣራው ይሰምጣል፣ ጎኑ ይወዛወዛል፣ ሚመልሰው ነገርም የለም። በ60ዎቹ መጀመሪያ ወደ ስታይሪን (ያው ኪቱ ሚሰራበት ፖሊስታይሪን) ሲዞሩ ነው ችግሩ የቀረው። ስለዚህ ያልተጣመመ የ50ዎቹ ፕሮሞ ካገኛችሁ ዋጋው ቢከብድም ምክንያት አለው። ከሙቀትና ከፀሀይ አርቁት።

ገንዘብ ለሌለው ሰው ጥሩው መግቢያ በር ልጆች ያኔ ሰርተው የተዋቸው ናቸው። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ጋራዥ ሴልና እስቴት ሴል (ሰው የቤቱን አሮጌ እቃ ሚሸጥበት) ላይ በካርቶን ተጠራቅመው ታገኟቸዋላችሁ፣ ቀለማቸው በብሩሽ የተለቀለቀ፣ ሙጫ መስታወቱ ላይ የፈሰሰ። አስቀያሚ ይመስላል እንጂ ያ ቦዲ ከተቆረጠ ሞልድ የወጣ አንዋል ሊሆን ይችላል። ቀለሙ ይለቃል፣ የስታይሪን ቦዲ የፍሬን ዘይት ውስጥ ወይም 91 ፐርሰንት አልኮል ውስጥ ዘፍዝፋችሁ በጥርስ ብሩሽ ታሹታላችሁ፣ ጓንት አድርጉ፣ መስታወት ያለበትን ክፍል አትክተቱ፣ አሴቴት ከሆነ ጭራሽ አትሞክሩት። የተበላሸ ክሮም ደሞ በረኪና ውስጥ ሲገባ ይጠፋል፣ ምክንያቱም ክሮም ምንለው በእውነቱ በቫኩም ውስጥ በትነው ያስቀመጡት በጣም ስስ አልሙኒየም ነው። በረኪናውን ከአሞኒያም ከአሲድም ከሌላ ማፅጃም ጋር እንዳትቀላቅሉ፣ ሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ስራው ላይ ብዙ አልቆይም፣ ትእግስት ነው እንጂ ሚስጥር የለውም። ቦዲውን በእቃ ሳሙና እጠቡት፣ ከሞልዱ እንዲላቀቅ የተቀባ ቅባት ይኖርበታል ቀለም አያስይዝም። ያንን ቀጭን መስመር በብርጭቆ ወረቀት አጥፉት፣ ጎድጎድ ያለውን በስቱኮ ሙሉ፣ ፕራይመር ቀቡ። ፕራይመሩን አትዝለሉ፣ ለእውነተኛ መኪና ሚሆነው የላከር ቀለም በቀጥታ የድሮ ስታይሪን ላይ ሲነፋ ፕላስቲኩን በልቶ ፊቱን ያሰነጣጥቀዋል። ከዛ ቀለሙን በስሱ ደጋግሞ መንፋት ነው። ሙጫው ፕላስቲኩን አቅልጦ ሚያዋህድ ስለሆነ ክሮም ወይ ቀለም ያለበት ቦታ ላይ አይዝም፣ መገጣጠሚያውን መጀመሪያ ፋቁት። መስታወትን በዛ ሙጫ አትንኩ፣ ጭጋግ ይሆናል፣ ነጩ የእንጨት ሙጫ ሲደርቅ ብርጭቆ ስለሚሆን እሱ ይሻላል። የበርና የመስኮት ዙሪያ ክሮም መስመሮች በብሩሽ አያምሩም፣ ቤር ሜታል ፎይል ሚባል ጀርባው ሚለጠፍ ስስ ፎይል አለ፣ ለጥፋችሁ በአዲስ ምላጭ ዙሪያውን ትቆርጡታላችሁ፣ ሞዴሉን ከአሻንጉሊት ሚለየው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። መስኮት ክፈቱ ደሞ፣ የሙጫውም የቀለሙም ሽታ ለጤና ጥሩ አይደለም፣ በ60ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ወጣቶች ሙጫ ማሽተት ጀምረው ትልቅ ችግር ሆኖ ሙጫ ሰሪው ቴስተርስ ሙጫው ውስጥ የሰናፍጭ ዘይት ጨምሮበት ነበር፣ አፍንጫ እንዲያቃጥል።

ለአገር ቤት ሰው ኪት ይዛችሁ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ሳጥኑ ችግር የለውም ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ስፕሬይ ቀለምና ተቀጣጣይ ሙጫ ግን አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፣ ይወሰድባችኋል። በውሃ ሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም በትንሽ ጠርሙስ ይሻላል፣ ፕራይመርና ስቱኮ ከመኪና ቀለም ቤት እዛው ይገኛል፣ መጀመሪያ ግን ከዘንጉ በተረፈ ቁራጭ ላይ ሞክሩት።

ኪቱን ልስራው ወይስ ላስቀምጠው ለሚለው የኔ መልስ ያው ከሞልዱ ነው ሚነሳው። ሞልዱ ካለ፣ ኪቱ እየታተመ ከሆነ፣ ስሩት፣ ለዛ ነው የተሰራው፣ ቢበላሽም ሌላ አለ። ሞልዱ የተቆረጠ ከሆነና ኪቱ ሙሉ ከሆነ ግን እኔ አልነካውም፣ ያን መኪና መስራት ካማረኝ የተሰራ አሮጌውን ፈልጌ አድሳለሁ ወይም ሬዚን ቦዲ እገዛለሁ። ሬዚን ማለት ትንንሽ ሰሪዎች ከኦሪጅናሉ ላይ የሲሊኮን ቅርፅ ወስደው በእጅ ሚያፈሱት ነው፣ እንደ ፋብሪካው ስስ አይደለም፣ ሙጫው ሱፐር ግሉ መሆን አለበት፣ ስትሞርዱት ብናኙን እንዳትስቡት ማስክ አድርጉ። በቅርብ ዓመታት ደሞ ራውንድ ቱ የጠፉ አንዋሎችን የድሮውን ኪት እየለካ በአዲስ ብረት እንደገና ማውጣት ጀምሯል። እንደዛ የተመለሰ ኪት ላይ ሊሰራው የፈለገ ሰው ወደ አዲሱ ስለሚሄድ የኦሪጅናሉ ዋጋ ይረግባል፣ ሚፈልገው ሰብሳቢ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ውድ አንዋል ከመግዛታችሁ በፊት በዓመቱ የሚወጡትን የራውንድ ቱ አዳዲስ ኪቶች ዝርዝር ተመልከቱ፣ የፈለጋችሁት መኪና እዛ ውስጥ ካለ ጥቂት ወር መጠበቅ ይሻላል።